ወንድሜ ሚዛን ላይ ቆሞ የጠራው ስም

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ካገባሁ ሦስት ዓመት አልፎኝ፣ የመጀመሪያዋ ልጄ ጥርስ እያበቀለች ጡቴን በነከሰችኝ ቁጥር ዘልዬ የምነሳበት ጊዜ። ከሆሳዕና ለከምባታ ዱራሜ የተዳርኩ የሀዲያ ልጅ ነኝ። በአንድ ዓመት የምበልጠው ወንድሜ ኤርሲዶ ያኔ የአካባቢው የቦክስ ሻምፒዮን ነበር። ቀበቶ የለ፣ ዋንጫ የለ፤ ሻምፒዮንነቱ ያለው በሰው አፍ ላይና ማኅተም ባረፈበት አንድ ወረቀት ላይ ነው። የባሌ የማርቆስ ታናሽ ወንድም ደስታ ደግሞ የዱራሜ ቦክሰኛ ነበር። ሁለቱ አንድ ቀን ፊት ለፊት እስኪቆሙ ሁሉም ሰው በጉጉት ይጠብቃል። እኔ የምጠብቀው ዝናብ ጥሎ ነገሩ እንዲቀር ነበር።

ይህን ወድጄ አላነሳሁትም። ባለፈው ሳምንት ተመስገን የሚባል የቦክስ አሠልጣኝ ሆሳዕና፣ ጎፈር ሜዳ ያለው ቤቴ ድረስ መጣ። ኤርሲዶ ካረፈ ዓመት ሊሞላው ነው። የቦክስ ልጆቹ መታሰቢያ ውድድር ሊያዘጋጁለት፣ ፎቶውን አሳድገው የቦክስ አዳራሹ ግድግዳ ላይ ሊሰቅሉለት አስበዋል። ከፎቶው ሥር የሚጻፍ አንድ መስመር ከእኔ ፈለጉ። «እማማ ማርታ፣ ታላቅነታቸውን የሚገልጽ ነገር ይበሉን» አለኝ። ሻይ አቀረብኩለት። ሰው ከእኔ ነገር ሲፈልግ መጀመሪያ ሻይ ነው የማቀርበው፤ እየጠጣ ሳለ ፊቱን ደህና አድርጌ አየዋለሁ። ተመስገን ስልኩን አወጣና አንድ የውጭ አገር ቦክሰኛ አሳየኝ። ደረቱን ገልጦ፣ የወርቅ ሰንሰለት አንጠልጥሎ፣ ተጋጣሚው አፍንጫ ሥር ቆሞ ይለፈልፋል።

«ምን እያለ ነው?» አልኩት።

«አባትህን አስለቅሰዋለሁ ነው የሚለው፣ እማማ» ብሎ ሳቀ።

«አባትየው ምን አደረገው?»

«ምንም! ጨዋታ እኮ ነው። ሰው ትኬት እንዲገዛ ነው። ካሜራው ሲጠፋ ጓደኛሞች ናቸው።»

«ማን ነገረህ?»

«በቃ... ይታወቃል።»

ይታወቃል! በዕድሜዬ እንደዚህ ቃል የጠረጠርኩት ነገር የለም። አንድ ሰው ይታወቃል ካለ ወይ አልጠየቀም፣ ወይ መልሱን ፈርቷል። ተመስገን ግን ገና አልጨረሰም። «ጋሼ ኤርሲዶም እንዲህ ነበሩ ይባላል። ከቡጢያቸው በፊት አፋቸው ነበር የሚጥለው። ታላቅ ያደረጋቸውም እሱ ነው» አለኝ። «አይተኸዋል?» አልኩት። «እኔማ አልደረስኩም፤ ሲወራ ነው።» ሻዩን ጨረሰ፣ አመስግኖኝ ሄደ። ጨዋ ልጅ ነው። መስመሩን ግን አልሰጠሁትም። ይኸው ሳምንቴ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ በዞርኩ ቁጥር አየዋለሁ።

ያኔ ሆሳዕና እንዲህ ፎቅ በፎቅ አልነበረችም። ከገበያው ወደ ላይ ስትወጡ አቧራ፣ የጋሪ ፈረስ፣ በረንዳ ላይ ሲንጀር ዘርግተው የሚሰፉ ልብስ ሰፊዎች፤ ከጥጉ ላይ ደግሞ ድምፅ ማጉያውን በረንዳ ላይ የሰቀለ ሙዚቃ ቤት። ካሴቱ ሲጠቀለልበት ልጁ በእስክሪብቶ እያዞረ እስኪያስተካክለው መንገደኛው ቆሞ ይጠብቀዋል፤ ዘፈኑ ከቆመበት ካልቀጠለ ማንም አይሄድም። ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ቦምቦሊኖ በአምስት። የቦክስ መግቢያ ስሙኒ ነበር፤ ስሙኒ የሌለው አጥሩ ላይ ይወጣል፣ አጥሩ በየጊዜው ይወድቃል፣ እንደገና ይሠራል። ኤርሲዶ ከታች የሰፋ ቦላሌ ሱሪ፣ ኮሌታው ትከሻው ላይ የሚደርስ ቡናማ ሸሚዝ ለብሶ፣ አፍሮው ላይ ማበጠሪያ ሰክቶ በዚያ ጥግ ሲያልፍ ልብስ ሰፊዎቹ ፔዳል ያቆማሉ። አሁን በዚያ ጥግ ባንክ አለ። በመስታወቱ ራሴን እያየሁ ሳልፍ አንዳንዴ ያ ቡናማ ሸሚዝ ከኋላዬ የሚመጣ ይመስለኛል።

እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም። ከብቱም ቤቱም ለእኔ ነበር፤ ትምህርቱ ለእሱ። ግን ማታ ማታ ደብተሩን እያየሁ ከሀ ጀምሮ ያስቆጠረኝ እሱ ነው። ስሳሳት «አንቺ፣ ይሄ እኮ ‹ጨ› ነው፤ እግሮቹን አታይም? ከአንቺ እግር ይበልጣሉ!» ይለኛል። ስቄ አልጠግብም። ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ሁሉ እየፈታሁ ማንበብ የለመድኩት ከዚያ ወዲህ ነው። እንግዲህ ዛሬ ስለ እሱ የምጽፍበትን ፊደል የሰጠኝ እሱ ራሱ ነው፤ ይህንንም ከማንም ቀድሜ ልናገርለት ይገባል።

ችሎታው ውሸት አልነበረም። በማለዳ ወደ ሆመቾ በሚወስደው መንገድ በሸራ ጫማ ሮጦ ሲመለስ ጎረቤት በእሱ ሰዓት ይለያል። ሪንግ የምንለው አራት የባሕር ዛፍ ምሰሶ፣ ዙሪያውን የበሬ ማሰሪያ ገመድ፣ ከታች ሰጋቱራ ተነስንሶ በላዩ የጭነት መኪና ሸራ ነበር። በከተማው የነበረው ጓንት ሁለት ጥንድ ብቻ ስለሆነ ተረኞቹ የቀደሙት ላብ ያራሰውን ጓንት ተቀብለው ያጠልቃሉ። ኤርሲዶ በዚያ እርጥብ ጓንት፣ በግራ እጁ ብቻ፣ ሰውን ሦስት ዙር ሙሉ እንደ በር ሲያንኳኳ ቆይቶ ቀኙን አንድ ጊዜ ይልካል። አንድ ጊዜ። ከዚያ ቆጠራ ነው።

አፉ ግን ከእጁ ቀድሞ ይደርሳል። አንድ ቀን ቁመቱ ጣሪያ የሚነካ ልጅ ከሆመቾ መጣ። ኤርሲዶ ዙሪያውን ዞሮ ዞሮ አየውና፣ «ወገን፣ ይሄ ልጅ ሊጋጠም ነው የመጣው ወይስ የስልክ እንጨት ሆኖ ሊተከል?» አለ። ልጁ ራሱ ሳቀ። ሌላ ቀን ቀጭን ልጅ ገጠመውና፣ «ዳኛ! ጓንቱ ከባለቤቱ ይከብዳል፤ ማንን ልምታ?» አለ። እኔም ከሁሉ ጮክ ብዬ ስቄያለሁ። ያኔ አልጠረጠርኩትም፤ ወይም ጠርጥሬ ዝም ብያለሁ። ምክንያቱም ከማግባቴ በፊት ጫማውን የማስርለት እኔ ነበርኩ። ከእያንዳንዱ ውድድር በፊት «እታለም፣ እሰሪልኝ» ብሎ እግሩን ጉልበቴ ላይ ያደርጋል። ራሱ የማያስረው ጣቱ ስለሚንቀጠቀጥ ነበር። «ፈርተሃል እንዴ?» ስለው፣ «እኔ? ሂጂና እሱን ጠይቂው!» ይላል። እየጮኸ ነው የሚለው፤ ከመጋረጃው ወዲያ ያሉት እንዲሰሙ። የወንድሜ አፍ ለማን እንደሚናገር ያወቅሁት እዚያ ነው። ግማሹ ለተጋጣሚው ነው፣ ግማሹ ለጣቶቹ።

ዱራሜ ስገባ መጀመሪያ የተማርኩት ደግሞ ዝም ማለትን ነው። በከምባታ ምራት የባሏን አባት ስም አትጠራም። ባሊሻ ይሉታል። ስሙ ብቻ ቢሆን ደግ፤ አጀማመሩ ከስሙ ጋር የሚመሳሰል ሌላ ቃል ሁሉ ይቀርና ሴቶቹ ለየነገሩ ምትክ አላቸው። እንደ ሕፃን የዕቃና የእህል ስም እንደገና ለመድኩ። ቤተ ክርስቲያን ብዙ አሮጌ ነገር ብታስቀርም ይህን ያን ጊዜ አላስቀረችም። የባሌ አባት ራሳቸው የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነበሩ፤ ረጅም፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ እሑድ እሑድ ጥቁር ኮትና ባርኔጣ የሚያደርጉ ሰው። በመጣሁ ሳምንት ጠርተውኝ፣ «ልጄ፣ አንቺ በሌላ ቤት ነው ያደግሽው። አፍሽ ቢያመልጥሽ አልቀየምሽም» አሉኝ። ያን ካሉኝ በኋላ ማን ይጠራል? ሚስታቸው፣ ማለትም አማቴ፣ እንደወጡ ጠብቀው ጠጋ አሉኝና፣ «እሱ አይቀየምም። እኔ ግን እሰማለሁ» አሉ።

አላመለጠኝም። ልጄን ክሊኒክ ወስጄ ካርድ ሳወጣ ጸሐፊው «የአባት ስም?» ሲል «ማርቆስ» አልኩ። «የአያት?» ሲል ዝም አልኩ። «የአያት ስም፣ እናቴ!» ሲል ጣሪያውን አየሁ። ከኋላዬ የተሰለፈች አንዲት የአንጋጫ ሴት ነገሩ ገብቷት የእኛን ቤት የሚያውቅ ወንድ ልጅ ከውጭ ጠርታ አስመጣችልኝ፤ እሱ ስሙን ተናግሮልኝ ሄደ። ጸሐፊው ከሌላ አገር የመጣ ነው መሰለኝ፣ እንደ ደንቆሮ እያየኝ ጻፈ። እኔ ግን ኮራሁ። የማልጠራው ስም የእኔ የሆነ ያህል ይሰማኝ ነበር። እስከ ዛሬም እዚህ ወረቀት ላይ አልጽፈውም፤ አትጠብቁ።

አሁን ወደማልወደው ቦታ ደረስኩ። በዚያ ዓመት ለመስቀል እናቴ ቤት ሆሳዕና መጥቼ ነበር። የመስቀሉ የቡላ ምግብ፣ አታካናው፣ ቀርቦ፣ ቅቤው በቡላው ላይ እንደ ኩሬ ተኝቶ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ ከበውኛል። ስለ ክሊኒኩ አወራኋቸው። ጣሪያውን እንዴት እንዳየሁ፣ ጸሐፊው እንዴት እንዳፈጠጠ እየተነሳሁ እያሳየሁ። ተረት ስጀምር ማቆም አልችልም፤ ይሄ ድሮም በሽታዬ ነው። ኤርሲዶ ጣቱን እየላሰ፣ «እዚህ ማን ይሰማሻል? ዱራሜ ሩቅ ነው። አንዴ በይው» አለኝ። «እንዴ! አልልም።» «ትፈሪያለሽ!» «አልፈራም።» «ምላስሽን ዱራሜ ነው የተውሽው?» ሁሉም ሳቁ። አልኩት። ጣሪያውን እያየሁ፣ እንደ ሚስጥር በሹክሹክታ፣ የባሌን አባት ስም አልኩት። ቤቱ በሳቅ ተሰነጠቀ። እኔም እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። ኤርሲዶ ግን ከሁሉም ቀድሞ ሳቁን አቁሞ ያየኝ ነበር፤ አንድ ነገር ኪሱ ውስጥ የከተተ ሰው ነበር የሚመስለው። ይህን ያሰብኩት በኋላ ይሁን ያኔ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ አላውቅም።

ሦስት ወር አላለፈም። ውድድሩ ሆሳዕና ሆነ፤ ዝናቡም አልጣለም። የዱራሜ ሰው በአይሱዙ ተጭኖ መጣ፤ እኔም ልጄን አዝዬ ከባሌ ቤተሰብ ጋር። የባሌ አባት ለቦክስ ብለው ከቤት የሚወጡ ሰው አልነበሩም፤ ግን ልጃቸው ነውና ጥቁር ኮታቸውን ለብሰው ጋቢና ተቀመጡ። ውድድሩ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ጠዋት ተጋጣሚዎቹ ገበያው አጠገብ በነጋዴ የቡና ሚዛን ይመዘናሉ፤ ልማዱ ነበር፣ ሰው የሚሰበሰበውም ለዚያ ነው። እናቴ በወዲያ በኩል ቆማ እጇን አነሳችልኝ። እኔ ከዱራሜ ሴቶች ጋር በወዲህ በኩል ነበርኩ። መሃል ላይ ሚዛኑ።

ደስታ ወጣ፣ ተመዘነ፣ ወረደ። ዝምተኛ ልጅ ነበር። ኤርሲዶ ወጣና አልወርድም አለ። ሚዛኑ ላይ ቆሞ እጁን ዘርግቶ ሕዝቡን ዞሮ አየ።

«ደስታ! በአይሱዙ ነው የመጣኸው? ለመመለሻ ቃሬዛ አዝዘሃል?»

ሕዝቡ ሳቀ። ደስታም ፈገግ አለ። እስከዚህ ያለው የተለመደ ነው።

«ወገኖቼ፣ እህቴን ለእነዚህ ሰዎች ሰጠን። ያቻት፣ እዩአት! ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ስም እንዳትጠራ ምላሷን አሰሩባት። ክሊኒክ ሄዳ እንኳ ጣሪያ ነው የምታየው!» አንገቱን ቀና አድርጎ ጣሪያ የሚያይ ሰው ሆነ። አቋቋሙ የእኔ ነበር። እናቴ ቤት ያሳየሁትን፣ ልክ እንዳሳየሁት። «ዛሬ ዕዳዋን እኔ እከፍልላታለሁ። እሷ የማትጠራውን እኔ ልጥራላችሁ?»

«ጥራ!» አለ ሕዝቡ።

ጠራው። በሙሉ ድምፁ። ከዚያ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ «አልሰማሁም!» አለ። ሕዝቡ ጠራው። «አሁንም አልሰማሁም!» ገበያው ሁሉ ጠራው። በርበሬ የሚሸጡት፣ አጥር ላይ ያሉት፣ ልብስ ሰፊዎቹ፤ እያጨበጨቡ እንደ መዝሙር ተቀባበሉት። ሦስት ዓመት በአፌ ውስጥ እንደ እንቁላል ይዤ የኖርኩት ስም በአቧራው ላይ ሲንከባለል አየሁ። እጄን አፌ ላይ አድርጌያለሁ፤ ሰው እኔ ነኝ የጠራሁት የሚል መስሎኝ። የባሌ አባት ባርኔጣቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ያዙት። ሌላ ምንም አላደረጉም። አማቴ ግን ሚዛኑን አላዩም፤ እኔን ነበር የሚያዩት።

ከሰዓት ደስታ ሪንግ ውስጥ ሲገባ ሰው ሳይሆን ንዴት ነበር። መከላከል ረስቶ በሁለት እጁ እየወረወረ ሄደ፣ ሕዝቡ የአባቱን ስም እየጠራ ያጨበጭባል። በሁለተኛው ዙር ኤርሲዶ ቀኙን ላከ። አንድ ጊዜ። ዳኛው ቆጠረ። ወንድሜ ትከሻ ላይ ተነሳ። ሲወርድ ጓንቱን ሳያወልቅ ወደ እኔ መጣ፤ «እታለም፣ አየሽኝ?» አለኝ፣ ዓይኑ እንደ ልጅ እያበራ። ምን እንዳደረገ የገባው አልመሰለኝም። ወይም ገብቶት እንዳልገባው መሆን ችሎበታል። በዚያ ልጅ ላይ ይህን መለየት ከባድ ነበር። «አየሁህ» አልኩት፣ ጀርባዬን ሰጥቼው አይሱዙ ላይ ወጣሁ።

እንግዲህ ተመስገን ታላቅ ነበሩ ይላል። እኔ ዓመታት ሙሉ ስጠይቅ የኖርኩት ሌላ ነው። ያን ቀን ደስታን የጣለው ማን ነው? ቀኝ እጁ ቢሆን እሰየው፤ ያ እጅ ማንንም ይጥል ነበር፣ አፉን ሳይከፍትም ይጥል ነበር። ታዲያ የሽማግሌው ስም ካስፈለገው ያ ቀኝ እጅ ምን ሊሆን ነው? ካላስፈለገው ደግሞ ለምን አነሳ? የሕዝቡ ሳቅ ይጥመዋል የሚሉ ነበሩ። እኔ ጣቶቹን ስለማውቅ ሌላ እጠረጥራለሁ፤ ግን ጣቱ የሚንቀጠቀጥ ሰው የሌላውን አባት ይዞ ካልተደገፈ አይቆምም ማለት ነው? ተመስገን ስልክ ላይ ያለውም ሰውዬ እንደዚያው ይሆን? ጫማውን ማን እንደሚያስርለት ባውቅ ጥሩ ነበር።

ዱራሜ ስንደርስ አማቴ ልጅቷን ከጀርባዬ ተቀበሉኝ። ይሄ መጥፎ ምልክት ነው፤ ሁልጊዜ እኔው እስካወርድ ነው የሚጠብቁት። ማርቆስ በዋዜማው ከአዲሎ ገበያ ያመጣውን በርበሬ ሊያራግፍ ወጣ። እኛ ሁለታችን ቀረን።

«ጣሪያ ማየቱን ከየት አወቀው?» አሉኝ።

«የክሊኒኩን ነገር ነግሬያቸው ነበር፣ እናቴ።»

«ነግረሻቸው። ስሙንስ?»

«ስሙን ሁሉም ያውቀዋል።»

«ያውቀዋል። አንቺ በእናትሽ ቤት ትጠሪዋለሽ ወይ ነው ያልኩሽ። እዚህ ታከብሪናለሽ፣ እዚያ ትስቂብናለሽ? እንዲህ ከሆነ ልጅ አዝለሽ መመለስሽ ለምንድን ነው?»

«አልጠራሁም» አልኩ።

«በዚህች ልጅ?»

ልጄ እጃቸው ላይ ጣቷን ትጠባለች። «አልጠራሁም» አልኩ እንደገና። ዋሸሁ። ያን ውሸት ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለማርቆስም አልነገርኩትም፣ ነፍሱን ይማረው። እውነቱን ብናገር በነጋታው ዕቃዬን ይዤ አይሱዙ ላይ እንደምሆን ከአተነፋፈሳቸው ይታይ ነበር። አማቴ አላመኑኝም። ከዚያ በኋላ ገበያ ስሄድ ጎረቤት ሴት ከኋላዬ ትመጣለች፤ እናቴ ልትጠይቀኝ ስትመጣ አማቴ በር አጠገብ የሆነ ነገር መልቀም ይጀምራሉ። ዓመታት ሙሉ ከአጥር ኋላ ሲደመጥብኝ ኖርኩ። ጥርጣሬ የሚጋባ ነገር ነው፤ እኔም ያዘኝ።

ሳምንት ሳይሞላ የባሌ አባት ጓሮ እንሰቱ ውስጥ ሆነው ጠሩኝ። ሄድኩ። ደረቅ ቅጠል እየቆረጡ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ «ልጄ፣ ስሜ ሆሳዕና ገበያ ላይ ሲጠራ ሰማሁ» አሉኝ። «አንቺ ስትጠሪው ግን አልሰማሁም። ያልሰማሁትን አልጠይቅሽም።» ቅጠሉን አቀበሉኝ፣ ወደ ቤት ይዤ ገባሁ። እሳቸው ሁሉን አውቀው ነበር ብዬ እጠረጥራለሁ። እኚያ ሰው ማንንም ሰድበው አያውቁም፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ታላቅ ሲባል ስሰማ መጀመሪያ በዓይኔ የሚመጣው ያ ጀርባ ነው፣ ከዚያ የወንድሜ ቀኝ እጅ።

በዚያው ዓመት ሽማግሌዎች ኤርሲዶን ይዘው ዱራሜ መጡ። ከደስታ ጋር ተቃቀፉ። ኤርሲዶ የባሌ አባት እግር ላይ ወድቆ ይቅርታ ጠየቀ፤ እንዴት ያለ ይቅርታ! አማቴ ሳይቀሩ በነጠላቸው ዓይናቸውን ጠረጉ። የባሌ አባት አንስተው ሳሙት። እኔ በር ላይ ቆሜ ስሰማ ነበር፤ አንድም እንባ አልወጣኝም። አፉ እንደሆነ ይችልበታል። ሚዛን ላይ ሕዝብ ያሳቀ አፍ ሳሎን ውስጥ ሽማግሌ ቢያስለቅስ ምን ይገርማል? ተመልካች አለዋ! ሲሸኙት «አሁንስ ታረቅሽኝ፣ እታለም?» አለኝ። «እንተያያለን» አልኩት። ከዚያ ወዲህ ለዓመታት ሰላምታችን ደረቅ ነበር። ደብተሩን ሳስብ ልቤ ይራራል፣ ሚዛኑን ሳስብ ይዘጋል።

ተመስገን አንድ መስመር ይጠብቃል። «ታላቅ ነበር» ብዬ ልጽፍለት ሦስት ጊዜ እስክሪብቶ አንስቼ አስቀምጬዋለሁ። ውሸት ሆኖ አይደለም። ነገ ከፎቶው ሥር የሚቆሙት ልጆች የትኛውን እንደሚወርሱ ስለምጠራጠር ነው፤ እጁን ወይስ ሚዛኑ ላይ ያለውን። ፎቶ ሁለቱንም አያሳይም። መስመር ካልሆነ አይቀር ረጅሙን ልስጠው ብዬ ነው ይሄን ሁሉ የጻፍኩት፤ የቀረው ይሄ ነው።

የባሌ አባት ካረፉ በኋላ እኔና ማርቆስ ለንግዱ ብለን ሆሳዕና ገባን። ኤርሲዶ ቦክስ ካቆመ ቆይቶ፣ አንድ አሮጌ መጋዘን ጓሮ ውስጥ ወጣቶች ያሠለጥናል። ገበያ ላይ ካለው ሱቃችን ቅቤ የምትገዛ አንዲት የአንጋጫ ሴት፣ «ልጄ ወንድምሽ ጋ ቦክስ ጀመረ» ብላ የልጇን ስም ነገረችኝ። ያ ስም ነበር፤ የማልጠራው፣ የባሌ አባት ስም። በእኛ አገር ብዙ ሰው አለው። ቅቤውን መዘንኩላት፣ ሸኘኋት፣ ሱቁን ለልጄ ትቼ ወጣሁ። ወንድሜ ፊት ብቆም እንደሚያሳምረው አውቃለሁና አልገባሁም። የቆርቆሮው አጥር ሥር፣ ምስማር የተነቀለበት ቀዳዳ ጋ ሄጄ ቆምኩ። አማቴ ቢያዩኝ ይስቁ ነበር።

ከአሥር በላይ ጎረምሶች ነበሩ። ኤርሲዶ ፂሙ ሸብቷል፣ ድምፁ ግን ያው ነው። «ጴጥሮስ፣ ግራህን! ሳሙኤል፣ ተኝተሃል እንዴ?» ሁሉንም በስም በስማቸው ይጠራል። አንዱ ጋ ሲደርስ፣ «ባለ ቀይ ካልሲ፣ እጅህን ከፍ!» አለ። ጆሮዬን ቆርቆሮው ላይ ለጠፍኩ። ለሁለተኛ ጊዜ፣ «ባለ ቀይ ካልሲ፣ እግርህን ጠበቅ!» ሳሙኤል የተባለው ሳቀና፣ «ጋሼ፣ ልጁ እኮ ስም አለው» አለ።

«አውቃለሁ» አለ ኤርሲዶ። «እናንተ ጥሩት። እኔ አልጠራውም።»

«ለምን?»

ኤርሲዶ ወደ ልጁ ዞረ። ልጁን «ና» አለው፤ ጓንቱ ተፈትቶ ነበር። አሰረለት፣ ትከሻውን መታ አድርጎ ወደ ቦታው መለሰው። ሥልጠናው እስኪያልቅ እዚያው ቆምኩ። አንድም ጊዜ አልጠራውም። ልጁ አራት ዓመት አብሮት ሠለጠነ፤ ካልሲው አርጅቶ ነጭ መልበስ ከጀመረ በኋላም ኤርሲዶ ባለ ቀይ ካልሲ እያለ ጠራው።